የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሰርቨር ዲስክ ሲሞላ፦ የኤክስቼንጅ ሰርቨር የቦታ አያያዝና የዘወትር ጥገና

የኢሜይል ሰርቨር ዲስክ መሙላቱ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠገን ነው፤ ለመጠገን የሚያስቸግረው ዲስኩ ሞልቶ ከተገኘ በኋላ በጥድፊያ የሚደረገው የፋይል ስረዛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእርዳታ በተጠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ ጠዋት ኢሜይል መላክም መቀበልም ቆሞ ነበር። ተረኛው ባለሙያ ድራይቩን ሲከፍት እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት የሆኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ተደርድረው ስላየ፣ ጊዜ ያለፈባቸው መዝገቦች መስለውት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰረዛቸው። ቦታው ተገኘ፤ ዳታቤዙ ግን ሊነሣ አልቻለም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ በወጉ ሳይዘጋ ስለ ቆመ፣ ዳታቤዙ ለመነሣት የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ ለውጦች ከተሰረዙት ፋይሎች ውስጥ ነበሩ። የመጨረሻው ሙሉ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት የተወሰደ ነበር፤ ዲስኩንም የሞላው ይኸው የባክአፑ መቋረጥ ነው። በመሃሉ የተጻጻፉት መልእክቶች፣ ከሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ከተለቀሙት በቀር፣ ተመልሰው አልተገኙም።

ይህ መመሪያ በራሳቸው ሕንፃ ውስጥ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨርን ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። የ2016ና የ2019 እትሞች የአምራቹ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በእነርሱ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ወደ ሰብስክሪፕሽን እትም መሸጋገር ይኖርበታል። ሆኖም ዲስክ የሚሞላበት ምክንያትና መፍትሔው በሦስቱም እትሞች በመሠረቱ አንድ ነው።

ከመሰረዝ በፊት መለየት

በኤክስቼንጅ ሰርቨር ላይ ቦታ የሚይዙት ዋና ዋና ነገሮች የመልእክት ሳጥኖች የሚቀመጡበት ዳታቤዝ፣ የትራንዛክሽን ሎግ (እያንዳንዱ ለውጥ አስቀድሞ የሚጻፍበት መዝገብ)፣ በመተላለፍ ላይ ያሉ መልእክቶች የሚጠባበቁበት ወረፋ፣ እንዲሁም አይአይኤስ (ኤክስቼንጅ የሚጠቀምበት የዊንዶውስ የድረ ገጽ አገልጋይ) እና ኤክስቼንጅ ራሱ ስለ ሥራቸው የሚጽፏቸው የምርመራ መዝገቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚያድጉበት ምክንያት የተለያየ ስለ ሆነ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ፎልደር ምን ያህል እንደ ያዘ መለካት ነው። እንደ ዊንደርስታት ያለ የፎልደሮችን መጠን በሥዕል የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ቢከፈት መልሱን በአጭር ጊዜ ይሰጣል፤ ሰርቨሩን ላለማድከም ግን ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ማስኬዱ ይሻላል።

አዲስ ሰርቨር የሚተክል ሰው ስርዓተ ክወናውን፣ ዳታቤዙንና ሎጉን በየራሳቸው ድራይቭ ቢለያይ የወደፊት ድካሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ሁሉም ሲ ድራይቭ ላይ በታጨቀበት ሰርቨር አንዱ ሲሞላ ሁሉም አብሮ ይቆማል፤ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ መለየትም ጊዜ ይወስዳል። ሰርቨሩ ቨርቹዋል (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ በውስጥ የሚታየው ባዶ ቦታ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። ዲስኩ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲያድግ ተደርጎ የተፈጠረ ከሆነ፣ ዋናው ማከማቻ ሲሞላ ኤክስቼንጁ ገና ብዙ ቦታ እንዳለው እያሳየ በድንገት ሊቆም ይችላልና ሁለቱም መታየት አለባቸው።

የትራንዛክሽን ሎግ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ኤክስቼንጅ አንድ መልእክት ሲደርሰው በቀጥታ ዳታቤዙ ላይ አያሰፍረውም፤ ለውጡን በመጀመሪያ በሎግ ፋይል ላይ ይጽፋል (በመግቢያው ታሪክ የተሰረዙት ባለ 1 ሜጋባይት ፋይሎች እነዚህ ነበሩ)፣ ከዚያም በሚመቸው ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ያሸጋግረዋል። መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ሎጉን አንብቦ ያልተሸጋገረውን ለውጥ ያሟላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የሎጉ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ ዳታቤዙ ፈጽሞ ቢበላሽ፣ የመጨረሻው ባክአፕ ከተመለሰ በኋላ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሎጎች በላዩ ላይ ተነብበው ብልሽቱ እስከ ደረሰበት ደቂቃ ድረስ ያለው መልእክት ሁሉ እንዲመለስ ማስቻላቸው ነው።

ሎጎቹ ሳይጠፉ የሚጠራቀሙት ለዚህ ለሁለተኛው ጥቅም ሲባል ነው። በነባሩ ቅንብር ኤክስቼንጅ ሎጎቹን የሚያስወግደው ኤክስቼንጅን የሚያውቅ የባክአፕ ፕሮግራም ሙሉ ወይም የጭማሪ (ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ የሚወስድ) ባክአፕ ወስዶ ሥራው በስኬት መጠናቀቁን ሲያስታውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን 8 ጊጋባይት ሎግ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ባክአፑ ለ20 ቀናት ቢቋረጥ 160 ጊጋባይት ሎግ ይጠራቀማል። የሎግ ድራይቭ ሲሞላ ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዲስኩ ሳይሆን ስለ ባክአፑ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባክአፑ ሳይስተካከል የሚገኝ ባዶ ቦታ ሁሉ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነው።

ባክአፑ በየቀኑ እየሄደ ሎጉ ግን የማይቀንስበት ሁኔታም ያጋጥማል። በዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ በሚጠቀሙ ቢሮዎች ደጋግሜ ያገኘሁት ስሕተት በቅንብሩ ውስጥ "ቪኤስኤስ ፉል ባክአፕ" በሚለው ፈንታ "ቪኤስኤስ ኮፒ ባክአፕ" የሚለው ተመርጦ መቆየቱ ነው። የኮፒው ዓይነት ፋይሎቹን ይገለብጣል እንጂ ለኤክስቼንጅ ባክአፕ መወሰዱን ስለማያስታውቅ፣ ባለሙያው በየማለዳው የስኬት ምልክት እያየ ሎጉ ይከመራል። የዳታቤዙ ድራይቭ ብቻ ተመርጦ የሎጉ ድራይቭ መረሳቱም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። ቨርቹዋል ማሽኑን በአጠቃላይ ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ማንሣት ደግሞ በኤክስቼንጅ ዓይን ባክአፕ አይደለም። ዳታቤዙ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ቅጂ ያለው ከሆነም፣ አንደኛው ቅጂ ወድቆ እንደ ሆነ ሌላኛው ሰርቨር ያንን ቅጂ እየጠበቀ ሎጉን ስለማያጠፋ፣ የቅጂዎቹን ጤንነት ማየት ያስፈልጋል።

እውነቱን ለማወቅ የባክአፕ ፕሮግራሙን ሪፖርት ሳይሆን ኤክስቼንጁን ራሱን መጠየቅ ይገባል። በኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል (ለኤክስቼንጅ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ "ጌት ሜልቦክስ ዳታቤዝ" የሚለው ትእዛዝ "ስቴተስ" ከሚለው ተቀጥላ ጋር ሲሰጥ የመጨረሻውን ሙሉ ባክአፕ ቀን ያሳያል፤ ቀኑ ያረጀ ወይም ባዶ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል ማለት ነው። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም ከኢኤስኢ (ከኤክስቼንጅ የዳታቤዝ ሞተር) የሚመጣው ቁጥር 224 ሎጎች መወገዳቸውን ሲናገር፣ ቁጥር 225 ደግሞ ሊወገድ የሚችል ሎግ አለመገኘቱን ይናገራል።

ሰርኩላር ሎጊንግ የሚባለው ቅንብር ሲበራ ሎጎቹ ባክአፕ ሳይጠብቁ ስለሚወገዱ የቦታ ችግር ወዲያው ይቃለላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ዳታቤዙ ከተበላሸ መመለስ የሚቻለው እስከ መጨረሻው ሙሉ ባክአፕ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ የጭማሪ ባክአፕ መውሰድም አይቻልም። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው መሥሪያ ቤት በቋሚነት እንዲበራ አልመክርም። ብዙ የመልእክት ሳጥኖች ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ በሚዛወሩበት ጊዜ ግን፣ የሚዛወረው መረጃ ሁሉ በተቀባዩ በኩል ሎግ ሆኖ ስለሚጻፍ፣ ለሥራው ጊዜ ብቻ ማብራትና ሲያበቃ አጥፍቶ ወዲያውኑ ሙሉ ባክአፕ መውሰድ ተገቢ ነው።

ዲስኩ አሁን ሞልቶ ከሆነ

የሞላው ሲ ድራይቭ ከሆነና ወረፋው እዚያው ላይ ከተቀመጠ፣ ኤክስቼንጅ ራሱን ለመከላከል መልእክት መቀበል ያቆማል። ለላኪዎቹ ሰርቨሮች የሚመልሰው ኮድ 452 4.3.1 ሲሆን፣ በራሱ የክስተት መዝገብ ላይ ቁጥር 15006 ይጽፋል። ይህ ኮድ ጊዜያዊ እንቢታ በመሆኑ ላኪው ሰርቨር መልእክቱን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንቡም ላኪው ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀናት እንዲታገሥ ስለሚመክር፣ ጥቂት ሰዓታት መቆየት መልእክት አያጠፋም። ይህን ለሥራ ኃላፊው አስረድቶ በተረጋጋ መንፈስ መሥራት ያስፈልጋል። የቆዩ የአይአይኤስ መዝገቦችን ወደ ሌላ ዲስክ በማዛወር ቦታ ሲገኝ ኤክስቼንጁ በራሱ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የሞላው የሎጉ ድራይቭ ከሆነ ዳታቤዙ ራሱን ይዘጋል። ኤክስቼንጅ ለዚህ ሰዓት ብሎ አስቀድሞ የሚያዘጋጃቸው፣ ስማቸው በጄአርኤስ የሚያበቃ ጥቂት ተጠባባቂ ፋይሎች ስላሉት የሚዘጋው በአብዛኛው በሥርዓቱ ነው፤ እነዚህን ፋይሎች ቦታ ለማግኘት ብሎ መንካት አይገባም። ሰርቨሩ ቨርቹዋል ከሆነና ማከማቻው ካለ ድራይቩን በ50 ወይም በ100 ጊጋባይት ማስፋት፣ ዳታቤዙን ማንሣት፣ ወዲያውም ሙሉ ባክአፕ መውሰድ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ማስፋት የማይቻል ከሆነ ሎጎቹ ይዛወራሉ እንጂ አይሰረዙም። በመጀመሪያ ኢኤስኢዩቲል በተባለው መሣሪያ "ኤምኬ" በሚለው አማራጭ የቼክፖይንት ፋይሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ውጤቱ የትኛው ሎግ ድረስ ያለው ለውጥ ወደ ዳታቤዙ እንደ ተሸጋገረ ይናገራል፤ ከዚያ ቁጥር በፊት ያሉት ብቻ ለዳታቤዙ መነሣት የማያስፈልጉ ናቸው። የሎጎቹ ስም በሄክሳዴሲማል የሚቆጠር፣ ማለትም ከ9 ቀጥሎ ፊደል የሚመጣበት ስለ ሆነ ንባቡ ጥንቃቄ ይሻል። እኔ ከቼክፖይንቱ ወደ ኋላ ሌሎች ጥቂት መቶ ፋይሎችን ለጥንቃቄ ትቼ፣ ከእነርሱ የሚያረጁትን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ አዛውራለሁ። የተዛወሩትም ሎጎች አዲስ ሙሉ ባክአፕ ተወስዶ እስኪረጋገጥ ድረስ መጠበቅ አለባቸው፤ ከዚያ በፊት ዳታቤዙ ቢበላሽ የድሮውን ባክአፕ ከዛሬው ጋር የሚያገናኙት እነርሱ ብቻ ናቸው።

መልእክት ተሰርዞ ዳታቤዙ የማይቀንሰው ለምንድን ነው

ሠራተኞች ሳጥናቸውን እንዲያጸዱ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ሁሉም ታዝዘው፣ የዳታቤዙ ፋይል ግን አንድ ጊጋባይት እንኳ ሳይቀንስ ሲቀር ብዙ ባለሙያዎች ግራ ይጋባሉ። ከተሰረዙት ፎልደር ጭምር የወጣ መልእክት በነባሩ ቅንብር ለ14 ቀናት፣ የተሰረዘ የመልእክት ሳጥን ደግሞ ለ30 ቀናት ተደብቆ ይቆያል። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ኤክስቼንጅ ከበስተጀርባ በሚያካሂደው ጥገና መልእክቱን ያስወግደዋል፤ ፋይሉ ግን አይጠብም፣ በውስጡ ባዶ ቦታ ይፈጠራል እንጂ። ቀጥሎ የሚመጣው መልእክት ያንን ባዶ ቦታ ስለሚሞላው ፋይሉ ለተወሰነ ጊዜ ማደጉን ያቆማል። የባዶ ቦታውን መጠን ከላይ የጠቀስኩት የማኔጅመንት ሼል ትእዛዝ ያሳያል።

ፋይሉን የግድ ማሳነስ ያስፈለገው ሰው በኢኤስኢዩቲል ዳታቤዙን ዘግቶ መጠቅጠቅ ይችላል፤ ለዚህ ግን ከጥገናው በኋላ የሚኖረውን የዳታቤዝ መጠን 110 በመቶ የሚያህል ነፃ ቦታ ያስፈልጋል፣ በሥራው ጊዜም ማንም ኢሜይል አያገኝም፣ ሲያበቃም የቀድሞዎቹ ሎጎች በአዲሱ ፋይል ላይ ስለማይሠሩ ወዲያውኑ ሙሉ ባክአፕ መውሰድ ግዴታ ነው። እኔ ይህን መንገድ ትቼዋለሁ። አዲስ ዳታቤዝ ከፍቶ ሳጥኖቹን ጥቂት በጥቂት ማዛወር ተጠቃሚውን እምብዛም ሳያቋርጥ ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል። ከተጠቃሚዎቹ ሳጥኖች ሌላ የአርቢትሬሽን (ኤክስቼንጅ ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት)፣ የአርካይቭ (የአሮጌ መልእክቶች ማከማቻ) እና የኦዲት (የክትትል መዝገብ) ሳጥኖች መኖራቸውን አለመርሳት ይገባል፤ እነርሱ ሳይዛወሩ አሮጌው ዳታቤዝ አይወገድም። ከተወገደም በኋላ የኢዲቢ ፋይሉ (የዳታቤዙ ፋይል) ዲስኩ ላይ ስለሚቀር በእጅ መሰረዝ ይኖርበታል፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ የዳታቤዝ ፋይል በእጅ ሊሰረዝ የሚችልበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

አባሪዎችና ኮታ

የዳታቤዙን እድገት የሚወስነው ከጽሑፉ ይልቅ አባሪው ነው። ከ2010 እትም ጀምሮ ኤክስቼንጅ ለብዙ ሰው የተላከን አንድ አባሪ አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀመጡን ስለ ተወ፣ 8 ሜጋባይት የሆነ የስካን ሰነድ ለ150 ሠራተኞች ሲላክ 1,200 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ያንኑ ያህል ሎግም ይጻፋል። ለመላው ሠራተኛ የሚሠራጭ ሰርኩላር በጋራ ፎልደር ተቀምጦ አድራሻው ብቻ እንዲላክ ማድረግ ከየትኛውም የዲስክ ግዢ በላይ ቦታ ያስገኛል። የስካነሩን ጥራት በባለ ቀለም 600 ዲፒአይ ፈንታ በጥቁርና ነጭ 200 ዲፒአይ ማድረግም ለተራ ደብዳቤ በቂ ነው።

ኮታ፣ ማለትም የመልእክት ሳጥኑ የመጠን ገደብ፣ ሦስት ደረጃ አለው። በነባሩ ቅንብር 1.9 ጊጋባይት ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በ2 ጊጋባይት መላክ ይከለከላል፣ በ2.3 ጊጋባይት መቀበልም ይቆማል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ መሥሪያ ቤቱ ሁኔታ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ መጥፎው ነገር ለኃላፊዎች ተብሎ ገደቡን ጨርሶ ማንሣት ነው። ከሁሉ የሚበዛ አባሪ የሚደርሳቸው ኃላፊዎችና ጸሐፊዎቻቸው ስለ ሆኑ፣ ሰፊ ግን የታወቀ ገደብ ሊሰጣቸው ይገባል። በማስጠንቀቂያውና መላክ በሚከለከልበት ደረጃ መካከልም ቢያንስ የአንድ ወር መልእክት የሚይዝ ልዩነት ቢኖር ሠራተኛው ሳይጨነቅ ለማጽዳት ጊዜ ያገኛል።

ሳጥኑ የሞላበትን ሠራተኛ በፒኤስቲ (የአውትሉክ የግል ማከማቻ) ፋይል ወደ ላፕቶፑ እንዲያወርድ መምከር ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አብሮ ይሄዳል። ፈቃዱ ከተገዛ፣ አሮጌ መልእክቶችን በርካሽ ዲስክ ላይ ወደ ተቀመጠ የአርካይቭ ዳታቤዝ በራሱ የሚያሸጋግር ፖሊሲ ማውጣት ይሻላል።

የሲ ድራይቭ

አይአይኤስ በኢኔትፐብ ፎልደር ሥር የሚጽፋቸው መዝገቦች በነባሩ ቅንብር የሚያስወግዳቸው ስለሌለ ዲስኩ እስኪሞላ ያድጋሉ። በኤክስቼንጅ መጫኛ ፎልደር ሥር ያለው "ሎጊንግ" የተባለው ፎልደርም በርካታ ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። ከ30 ቀን በላይ የሆናቸውን እነዚህን ፋይሎች በየሌሊቱ የሚያነሣ የጊዜ ሰሌዳ ሥራ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በቀጥታ ከማጥፋት ግን ጨምቆ ወደ ሌላ ሰርቨር መውሰዱን እመርጣለሁ፤ በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ የኤክስቼንጅ ሰርቨሮችን በስፋት ያጠቃው ወረራ ሲደርስ፣ ሰርቨሩ መደፈር አለመደፈሩ የተጣራው ከእነዚሁ መዝገቦች ነበር። የመልእክት መከታተያ መዝገቡ ግን በራሱ ገደብ የሚጠበቅ ስለ ሆነ አይነካም።

ጸረ ቫይረሱ የዳታቤዙንና የሎጉን ፎልደሮች እንዳይፈትሽ መታዘዝ አለበት። አንድ የሎግ ፋይል በስሕተት ተጠርጥሮ ቢወሰድ ሰንሰለቱ ይቆረጣል።

የየሳምንቱና የየወሩ ሥራ

በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን የእያንዳንዱን ድራይቭ ነፃ ቦታ፣ የዳታቤዙን መጠን፣ የመጨረሻውን ሙሉ ባክአፕ ቀንና የሎጎቹን ብዛት በአንድ ሠንጠረዥ መመዝገብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለት ወር በኋላ ሠንጠረዡ ዲስኩ መቼ እንደሚሞላ በግምት ይናገራል። ነፃው ቦታ ከ20 በመቶ ሲወርድ ማንቂያ እንዲላክ ማድረግ ይገባል፤ ማንቂያው ግን በዚያው በሚቆመው ኢሜይል ብቻ ሳይሆን በስልክ አጭር መልእክትም ቢደርስ ይመረጣል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዲስክ መግዛት የጨረታ ሂደት ስለሚጠይቅ ጥያቄው ዲስኩ ከመሙላቱ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ ለሐምሌ የሚጀምረው በጀት በሚዘጋጅበት ጊዜ መቅረብ አለበት። ሠንጠረዡ ለግዢው ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል፤ "ዲስክ ያንሰናል" ከሚል ደብዳቤ ይልቅ በስድስት ወር ውስጥ ዳታቤዙ ከ300 ወደ 380 ጊጋባይት ማደጉን የሚያሳይ ቁጥር በቀላሉ ተቀባይነት ያገኛል። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ የሪፖርትና የክፍያ ሰነድ ልውውጥ ስለሚበዛ፣ ከዚያ በፊት በግንቦት ላይ ነፃ ቦታውን ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በሥርዓት የሚዘጋበት ፕሮግራም መጫኑና መሥራቱ በየወሩ ይፈተሽ። ባትሪው ሰርቨሩን ለ15 ደቂቃ መሸከም ካልቻለ፣ ኤክስቼንጅ አገልግሎቶቹን ዘግቶ ለመጨረስ ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ከባክአፑ ላይ ሪከቨሪ ዳታቤዝ በሚባለው መንገድ ዳታቤዙን ከዋናው ጎን መልሶ፣ ከአንድ ሠራተኛ ሳጥን በፈቃዱ የተመረጠ አንድ ፎልደር ማውጣትና ይዘቱን ከባለቤቱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ለዚህ ሙከራ የሚሆን ነፃ ቦታ፣ ቢያንስ የትልቁን ዳታቤዝና የሎጎቹን ያህል፣ ከመጀመሪያው በዲስኩ እቅድ ውስጥ ተቆጥሮ መያዝ አለበት።